ከኢንጅባራ እስከ ማልታ፦ ወደ አውሮፓ ደሴት የሚጓዝ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ የጉዞ ሰነዶችና የመግቢያ ደንቦች

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። «መጥታችሁ እዩን» የሚል ጥሪ ከአውሮፓ ሲደርስ በቤቱ ደስታ ይሆናል። ወዲያው ግን ወጪው ይከተላል። የፓስፖርት ክፍያ፣ የትርጉም ክፍያ፣ የመድን ክፍያ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ መመላለሻ፣ የቪዛ ክፍያ ተደማምረው አንድ ገበሬ የዲከረንስ ቁጥቋጦውን ወይም የዓመት ድንቹን ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ሊወስዱበት ይችላሉ። ቪዛው ቢከለከል ደግሞ ለማመልከቻ የተከፈለው አይመለስም። ብዙው ማመልከቻ የሚበላሸው ተጓዡ የማይገባው ሰው ስለሆነ ሳይሆን የሰነዶቹ ቀንና ስም እርስ በርስ ስለማይስማማ፣ ወይም የተመላሽነቱ ማስረጃ በወረቀት ላይ ስላልታየ ነው። ይህ ጽሑፍ ማልታን እንደ ምሳሌ ወስዶ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስከ ደሴቲቱ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለውን ሂደት ያስረዳል።

ማልታ ከጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሜዲትራንያን ባሕር መካከል የምትገኝ ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። ጠቅላላ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር ከ519 ሺህ በላይ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ደሴቲቱን በሌላ ስም ያውቃታል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የደረሰባት፣ በሐዋርያት ሥራ «መላጥያ» የተባለችው ይህችው ናት። ቋንቋዋ ማልትኛ ከዐረብኛ የወጣ፣ ከግእዝና ከአማርኛ ጋር በሴማዊነት የሚዛመድ ነው፤ እንግሊዝኛም የሥራ ቋንቋዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል፣ በታኅሣሥ 2007 ደግሞ የሸንገን አካባቢ አባል ሆናለች።

«ሸንገን» የሚለው ቃል በቪዛ ጉዳይ ደጋግሞ ስለሚነሣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሸንገን በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ያስቀሩ 29 የአውሮፓ አገሮች ኅብረት ነው። አንዱ አገር የሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ በሌሎቹም ያገለግላል። ሁሉም የአውሮፓ ደሴት ግን በዚህ ውስጥ አይደለም። ማልታ፣ የጣሊያኖቹ ሲሲሊና ላምፔዱዛ፣ የግሪኳ ቀርጤስ ሸንገን ናቸው። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን የሸንገን አባል ናት። አየርላንድና ቆጵሮስ በተቃራኒው የአውሮፓ ኅብረት አባላት ቢሆኑም ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ የሸንገን አባል አልሆኑም፤ የየራሳቸውን ቪዛ ይሰጣሉ። ታላቋ ብሪታንያም ደሴት ናት፤ ነገር ግን ከአውሮፓ ኅብረትም ከሸንገንም ውጭ ስለሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ስለዚህ «የአውሮፓ ቪዛ አለኝ» ማለት ብቻውን የትኛው ደሴት እንደሚያስገባ አይናገርም።

ለኢትዮጵያውያን የጠበቀው ደንብ

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ በተለመደው አሠራር በ15 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ያገኛል። ለኢትዮጵያውያን ግን ይህ ተቀይሯል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024) ባሳለፈው ውሳኔ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጊዜያዊ ገደቦችን ጥሏል። ምክንያቱ ኢትዮጵያ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ በመደበኛ አሠራር አይሰጥም፤ ከሚጠየቁት ሰነዶች የተወሰኑትን ቀሪ የማድረግ አሠራርም ለኢትዮጵያውያን አይሠራም። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙት እንኳ የቪዛ ክፍያ እንዲከፍሉ ተደርጓል።

በመንግሥታት መካከል ያለው አለመግባባት ዳንግላ ላይ ሰነዷን በምታዘጋጅ እናት ላይ ማረፉ ቅር የሚያሰኝ ነው። ቢሆንም ደንቡ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ዝግጅቱ በእሱ ልክ መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል። ውሳኔው 45 ቀናት ሊወስድ የሚችል ከሆነና ቀጠሮ ማግኘትም የራሱ ጊዜ ካለው፣ ከጉዞው 3 ወር በፊት ያልጀመረ ሰው ዘግይቷል ማለት ይቻላል።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ትርጉሙም ጠንቅቆ መታወቅ አለበት። ማልታ የደረሰ ተጓዥ በመርከብ ወደ ሲሲሊ ቢሻገር ከሸንገን አልወጣምና መመለስ ይችላል። ነገር ግን ዘመድ ለመጠየቅ ለአንድ ቀን ወደ ለንደን ወይም ወደ ቆጵሮስ ቢሄድ ከሸንገን ወጥቷል፤ ቪዛው ቀኑ ገና ቢሆንም አገልግሎቱ አብቅቷል፤ ወደ ማልታ የሚመልሰው በር የለም። የመመለሻ ትኬቱ ከማልታ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ፓስፖርትና ከእሱ በፊት ያሉት ወረቀቶች

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት አለው። ይህን መብት በሥራ ላይ የሚያውለው ሰነድ ፓስፖርት ነው። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን፣ ማመልከቻውና የቀጠሮ ምርጫው በኢንተርኔት ይከናወናል። ለአዊ ዞን ነዋሪ ቅርቡ ጽሕፈት ቤት የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ነው፤ ከዳንግላ 80፣ ከኢንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው ተመን የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ 5 ሺህ ብር ሆኗል፤ በአስቸኳይ ለሚፈልግ ሰው ክፍያው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መረጃ ቋት ያለው ፓስፖርት መሰጠት ተጀምሯል።

የፓስፖርቱ መሠረት የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ዕድሜያቸው የገፉ ወላጆች የልደት ምስክር ወረቀታቸውን የሚያወጡት ከተወለዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀኑ የሚጻፈውም «የጣሊያን ጊዜ ሲወጣ የዳዊት ፊደል እቆጥር ነበር» በሚል ትዝታ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የተጻፈው ቀን ግን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መቀጠል አለበት። የቀበሌ መታወቂያው 1952፣ የፋይዳ መታወቂያው 1954፣ የጋብቻ ማስረጃው 1950 የሚል ከሆነ፣ ኤምባሲው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም፤ ሁሉንም ይጠራጠራል። ማስተካከያው መደረግ ያለበት ፓስፖርቱ ከመታተሙ በፊት ነው። ከታተመ በኋላ የሚደረግ እርማት ሌላ ክፍያና ሌላ ወራት ይጠይቃል።

ከዓመቱ ይልቅ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት «8 ዓመት» ተብሎ በጅምላ ሲቀነስ ወይም ሲደመር ይታያል። ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በመስከረም 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ነው የተወለደው፤ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። በጥር 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1998 ነው፤ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ያለው 8 መሆኑን ያልለየ ተርጓሚ ሰውየውን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያሳንሰዋል።

የስም አጻጻፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። «ጸ» ያለበትን ስም አንዱ ጽሕፈት ቤት በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። አዊኛ ደግሞ አማርኛ የሌለው በአፍንጫ የሚነገር ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ ያለበት ስም በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓስፖርቱ ላይ የታተመው አጻጻፍ የመጨረሻው ዳኛ ይሁን። የባንክ ደብተሩ፣ የመድን ውሉ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የተተረጎሙት ሰነዶች ሁሉ ፊደል በፊደል ከእሱ ይቀዱ። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልም እንዲሁ። አውሮፓውያን የቤተሰብ መጠሪያ የሚሉት ነገር በእኛ ባህል ስለሌለ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ የተለያየ መጠሪያ ይይዛሉ። ጋባዡ ልጅ የእናቱ ወይም የአባቱ ልጅ መሆኑን የሚያሳየው የልደት ምስክር ወረቀት አብሮ መቅረብ ያለበት ለዚህ ነው።

ለሸንገን ቪዛ የሚቀርብ ፓስፖርት ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ተጓዡ ከሸንገን ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለ3 ወራት የሚያገለግልና ቢያንስ 2 ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት።

ማመልከቻው

ለጉብኝት የሚሰጠው ቪዛ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀናት ላልበለጠ ቆይታ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ተጓዡ ረዘም ያለውን ጊዜ ለሚያሳልፍበት አገር ነው። ማልታ 7 ቀን፣ ሮም 3 ቀን የሚቆይ ሰው ለማልታ ያመለክታል፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ያመለክታል። አንዳንድ የሸንገን አገሮች የሌላውን ውክልና ይዘው ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሥራውን ለማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት ይሰጣሉ። በተሳሳተ ቦታ የቀረበ ማመልከቻ ሳይታይ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት በአዲስ አበባ የማልታን ጉዳይ የሚቀበለው የትኛው መሥሪያ ቤት መሆኑን ከማልታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የቪዛ ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት ካለ የአገልግሎት ክፍያው ከቪዛው ክፍያ ግማሽ፣ ማለትም ከ45 ዩሮ፣ መብለጥ የለበትም። ከዚህ በላይ «ለቪዛው» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ወደ ደላላ ኪስ የሚገባ ነው። ደላላ ቪዛ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቢኖር ሐሰተኛ የባንክ ወረቀት ወይም ሐሰተኛ የሆቴል ማስያዣ ነው። ያ ሲገለጥ ክልከላው በአመልካቹ ስም በሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ ላይ ይቀመጣል እንጂ በደላላው ላይ አይቀመጥም።

ከማመልከቻው ጋር የጉዞው ምክንያት፣ ማረፊያው፣ የጉዞ መድን፣ የገንዘብ አቅምና የመመለሻው ማስረጃ ይያያዛሉ። መድኑ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚያገለግል፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚያካትት መሆን አለበት። በማልታ በኩል ለአንድ ቀን ቆይታ መነሻ ሆኖ የሚወሰደው የገንዘብ መጠን 48 ዩሮ ነው፤ ለ10 ቀን 480 ዩሮ ይሆናል ማለት ነው። በዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው የጋባዡን የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የቤት አድራሻና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ደብዳቤ ያቀርባል። ጋባዡ የሌላ አውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ይዞ ማልታ የሚኖር ከሆነና ወላጁ በእሱ ድጋፍ የሚኖሩ ከሆነ ሌላ፣ ቀለል ያለ ሥርዓት አለ፤ ቪዛው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይህን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይከፍላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመመለሻው ማስረጃ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ማስረጃና የፈቃድ ደብዳቤ አለው። ገበሬስ? ገበሬ ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ከብዙ ደመወዝተኛ ይልቅ የሚመልሰው ነገር አለው። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የእሱንና የባለቤቱን ስም የያዘ ሰነድ ነው። የመሬት ግብር የከፈለበት ደረሰኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነቱ፣ የድንች፣ የማር ወይም የከሰል ሽያጩ በባንክ በኩል ያለፈበት የ6 ወር የሒሳብ መግለጫ፣ በቤት የሚቀሩ ልጆቹና ባለቤቱ መኖራቸውን የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ ተደምረው ጠንካራ ታሪክ ይናገራሉ። የከተማ ነጋዴ ደግሞ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን ያክላል። ሁሉም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎምና አስፈላጊው ማረጋገጫ ሊደረግባቸው ይገባል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ገበያ ውሎ ጥሬ ገንዘብ በሳጥን የሚያስቀምጥ ሰው በባንክ ወረቀት ላይ ድሃ ይመስላል። ከማመልከቻው አንድ ሳምንት በፊት ሁለት መቶ ሺህ ብር በአንድ ቀን ቢያስገባ ደግሞ ይብስ ያስጠረጥራል፤ ብድር ወይም የማሳያ ገንዘብ ተደርጎ ይወሰዳል። የሚበጀው ከሽያጩ የሚገኘውን ከወራት በፊት ጀምሮ በየጊዜው በሒሳብ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው የጉዞው ወቅት ነው። በሐምሌ፣ ዘር በሚዘራበትና አረም በሚታረምበት ወራት፣ «ለጉብኝት እሄዳለሁ» የሚል ገበሬ ማሳውን ለማን ትቶ እንደሚሄድ ይጠየቃል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሄዶ ለቀጣዩ እርሻ ዝግጅት የሚመለስ ገበሬ ግን የጉዞ ዕቅዱ ራሱ ይመሰክርለታል። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከረጅም ልመና ይሻላል።

በቀጠሮው ቀን የጣት አሻራ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈርና አካፋ የጨበጠ፣ ከሰል ያከሰለ እጅ አሻራው ስለሚሳሳ መሣሪያው ላያነበው ይችላል። ከቀጠሮው አስቀድሞ ለሳምንት ያህል እጅን በቅባት ማለስለስ ይረዳል። አሻራ መስጠት በአካል የማይቻለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ እንደሚሆን የቪዛ ሕጉ ይፈቅዳል። «አሻራህ አልተነበበም» ተብሎ ብቻ ጉዳይ አይዘጋም።

ሰዓቱንም ልብ ማለት ይገባል። በቀጠሮ ወረቀት ላይ 9፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚታየው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፤ ብዙ የአውሮፓ በረራዎች ከአዲስ አበባ የሚነሡት በሌሊት በመሆኑ 00፡30 የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ የ15ኛው ቀን በረራ የሚባለው በ14ኛው ቀን ማታ ወደ አየር ማረፊያ የሚኬድበት ነው። በ15ኛው ቀን ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት ያህል አልፎታል።

ቪዛ ከተከለከለ ምክንያቱ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለ፤ የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ቅጹ በደረሰበት ቀን መነበብ አለበት። ምክንያቱን ሳያርሙ ያንኑ ወረቀት ደግሞ ማስገባት ሌላ 90 ዩሮ መክፈል ብቻ ነው።

በመንገድና በድንበር

ቪዛው ሲሰጥ ሁለት ቁጥሮች በጥንቃቄ ይነበቡ። አንዱ ቪዛው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ሌላው ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ ይናገራል። ቪዛው ለ30 ቀን የሚያገለግል ሆኖ የቆይታው ቀን 15 ብቻ ሊሆን ይችላል። የገቡበት ቀንም የወጡበት ቀንም ይቆጠራል።

ኢትዮጵያውያን በሸንገን አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆን እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዜጎች መካከል ናቸው። የሸንገን የጉብኝት ቪዛ የያዘ ሰው ይህ አያሳስበውም። በለንደን በኩል የሚያልፍ ግን የብሪታንያን የመተላለፊያ ደንብ አስቀድሞ ማጣራት አለበት፤ ርካሽ ትኬት ተብሎ የተገዛው በዚህ ምክንያት ከንቱ ሊሆን ይችላል። በሮም በኩል የሚሄድ ተጓዥ የድንበር ፍተሻው የሚጠብቀው ሮም ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ማልታ ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ይቆጠራል። በኢስታንቡል ወይም በዱባይ በኩል የሚሄድ ግን የሚፈተሸው ማልታ ደርሶ ነው።

ቪዛ መያዝ በራሱ የመግባት መብት አይሰጥም። የድንበር ፖሊሱ የት እንደሚያርፉ፣ ማን እንደጋበዘዎት፣ መቼ እንደሚመለሱና ምን ያህል ገንዘብ እንደያዙ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የግብዣ ደብዳቤው፣ የመድን ውሉና የመመለሻ ትኬቱ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዙ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች የጋባዡ ስልክ ቁጥርና አድራሻ በወረቀት ተጽፎ አብሯቸው ይሁን፤ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሸንገን ድንበሮች ማኅተም መምታትን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚተካ አሠራር ደረጃ በደረጃ ተጀምሯል። ተጓዡ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አሻራው ለቪዛ ከሰጠው ጋር ይመሳከራል። አንድ ቀን ያሳለፈን ሰው መዝገቡ ራሱ ይቆጥረዋል፤ ቀድሞ እንደነበረው በደበዘዘ ማኅተም የሚታለፍ ነገር አይኖርም።

ማልታ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የምትለይበት አንድ ነገርም አለ። ቢጫ ወባ ከሚገኝባቸው አገሮች የሚመጣና ከ9 ወር ዕድሜ በላይ የሆነ ተጓዥ የክትባት ካርድ እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ነገር አይደለም።

የስንቁ ነገር እናቶችን የሚያሳዝን ነው። ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት በተጓዥ ሻንጣ አይገባም። ስለዚህ የተነጠረው ቅቤ፣ ቋንጣውና አይቡ ተወርሶ ይጣላል፤ ሳይናገሩ መደበቅ ደግሞ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ማር ግን ለራስ መጠቀሚያ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። በርበሬና ሽሮ በዚህ በእንስሳት ውጤት ላይ በተጣለው ክልከላ ውስጥ አይገቡም፤ ቅቤ የተቀላቀለበት ምጥን ግን ይገባል። ጫት በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚታይ በመሆኑ «ለልጄ ጓደኛ አድርሱልኝ» የተባለ እሽግ ሳይፈተሽ አይያዝ። 10 ሺህ ዩሮ ወይም ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ማልታ ላይ ፓስፖርት የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ ለፖሊስ አስታውቆ ማስረጃ ይቀበላል፤ ከዚያ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል በተለምዶ «ሊሴ ፓሴ» የሚባለው ወደ አገር ቤት መመለሻ የአንድ ጊዜ ሰነድ ይጠይቃል። የፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽና የቪዛው ቅጂ ቀድሞ በጋባዡ ስልክ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀላል።

በጉብኝት ቪዛ መሥራት አይፈቀድም። «በጉብኝት ግባ፤ ሥራው እዚያ ይለወጣል» የሚለው ወሬ በኢንጅባራም በዳንግላም ሻይ ቤቶች ይሰማል። ማልታ የውጭ ሠራተኞችን በርግጥ ትቀጥራለች፤ ነገር ግን የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው፤ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ ተማሪም የተለየ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከኢትዮጵያ ለሥራ የሚደረግ ጉዞ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የሚመራ ሲሆን፣ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጣራል።

በዚህ ባሕር ላይ ሌላም መንገድ እንዳለ የአካባቢያችን ወጣቶች ያውቃሉ፤ በመተማ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ፣ ከሊቢያ በጀልባ ወደ ላምፔዱዛ ወይም ወደ ማልታ። ከሊቢያ ተነሥተው ማልታ ከደረሱ ስደተኞች መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙበታል። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመች አንዲት ጀልባ ብቻ 368 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሰውን በዚህ መንገድ ማሻገርና መደለል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለአሻጋሪ የሚከፈለው ገንዘብ ከላይ ከተዘረዘሩት ክፍያዎች ድምር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይግባኝ የሚባልበት ቅጽም የለውም።

ከጉዞ መልስ አሮጌውን ፓስፖርት መጣል አይገባም። በጊዜው ገብቶ በጊዜው የወጣ ሰው ያ ቪዛ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ማስረጃ ይሆነዋል፤ በአዲሱ ፓስፖርት ሲያመለክት የአሮጌውን ቅጂ አያይዞ ያቀርባል።